ዳንቴል የለበሰው ሳይክል እና የገዳሙ በር

ተቀምጣችሁ አንብቡ። እኔ ቆሜ ነው የምጽፈው። ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ይገባችኋል!

ዛሬ ጠዋት ወደ ሐይቁ የሚወርደው ቁልቁለት መሃል ላይ ነኝ። ሳይክል ላይ ነኝ። አዎ፣ እኔ! ፍጥነቱ በዛብኝና ፍሬን ልይዝ እጄን ጨበጥ አደረግሁ።

የጨበጥኩት ዳንቴል ነው።

ደግሜ ጨበጥኩ። ዳንቴል።

በሌላው እጄ ሞከርኩ። እዚያም ዳንቴል! ያውም በገዛ ኪሮሼ የሠራሁት፣ አበባ አበባ ያለው!

ያኔ ነው የገባኝ። ያ ረቢ፣ ይሄ ነገር አይቆምም!

ቪዲዮውን ያያችሁ ካላችሁ እባካችሁ ሼር አታድርጉት። ያላያችሁ ደግሞ ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት ብዬ ነው የምጽፈው። ፊደል ከገደፍኩ አትሳቁብኝ፣ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ለመሳቅ ሌላ ብዙ ነገር አለላችሁ።

ቆይ ግን፣ ከሥሩ ልጀምር።

እኔ ፈሪ ነኝ። ደረጃ እፈራለሁ። ውሻ እፈራለሁ። እዚሁ ሐይቅ ከተማ ተወልጄ፣ ሦስት ልጅ ወልጄ፣ አንድ ቀን ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ባጃጅ ውስጥ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሄደው።

ታዲያ «ስኳር አለብሽ» ተባልኩላችሁ። ሐኪሙ «መድኃኒቱን ውሰጂ፣ በቀን አንድ ሰዓት ደግሞ በእግርሽ ሂጂ» አለኝ።

ይሄማ ቀላል ነው አልኩ። ቀላል መሰላችሁ?

በእኛ ከተማ አንዲት እናት ዘንቢል ሳትይዝ፣ ጉዳይ ሳይኖራት፣ ፈጠን ፈጠን እያለች በእግሯ ስትሄድ የታየች እንደሆነ ሰው ሞቷል ማለት ነው! የመጀመሪያው ቀን አንዷ ጎረቤቴ ስታየኝ ሻሿን አስተካክላ ከኋላዬ ተከተለችኝ። አንገቷን ደፍታ ትከተለኛለች። እኔም ስፖርት አምሯት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከከተማው ጫፍ ስንደርስ ዓይኗን በሻሿ ጠረግ አድርጋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ቀብሩ በየት በኩል ነው?»

ሌላው ባለ ባጃጁ ሙሄ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ሆደ ቡቡ ነው። በእግሬ ባየኝ ቁጥር አጠገቤ ቀጥ አድርጎ ያቆማል።

«እትዬ፣ ግቢ!»

«ተወኝ ሙሄ፣ ሐኪም አዞኝ ነው።»

«በእግርሽ ሂጂ ብሎ ያዘዘሽ ሐኪም ጠላትሽ ነው። ግቢ!»

ደግሞ የት ላይ ነው የሚኬደው? የመንገዱ ዳር የእግረኛ ነው ይባላል። ኧረ ወዲያ! አንዱ ባልዲ ደርድሮበታል፣ አንዱ ጫማ ዘርግቶበታል፣ አንዱ አሸዋ አፍስሶበታል። እኛ እግረኞቹ ከወልድያ ከሚመጣው ከባድ መኪና ጋር አስፋልቱን ተካፍለን እንሄዳለን። ጤና ልፈልግ ወጥቼ ስንቴ ነፍሴ ልትወጣ ነበር!

ከዚያ ቤንዚን ጠፋ። ባጃጆቹ ማደያው በር ላይ ሰልፍ ይዘው ውለው ያድሩ ጀመር። ትልቋ ልጄ ሀያት መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፣ አንድ ቀን ከደሴ ሳይክል ገዝታ መጣች።

ሦስት ቀን አኮረፍኳት። ሴት ልጅ ሳይክል ላይ! ሰው ምን ይላል?

በአራተኛው ቀን እሷ ሥራዋን ጨርሳ፣ ገበያ ገብታ፣ ቤት ደርሳ፣ እራት ሠርታ ስታበቃ ሙሄ ገና ሰልፍ ላይ ነበር። ኩርፊያዬን ተውኩት።

«እማ፣ ነይ አንቺንም ላስተምርሽ» አለችኝ።

እሁድ እሁድ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ጀመርን። ቀጥ ብዬ መሄድ ቻልኩ! ለመቆም እግሬን መሬት ላይ አሳርፋለሁ፣ ይቆማል። መታጠፍ ገና ነው። መታጠፍ የሚቀጥለው እሁድ ፕሮግራም ነበር።

ወላሂ ደስታዬን ብነግራችሁ! ስኳሬ ወረደ፣ እንቅልፌ ተስተካከለ፣ ከሰፈር ሰፈር ማንንም ሳልለምን መሄድ ጀመርኩ። ሜዳ ሜዳውን ብቻ ነው ታዲያ። ቁልቁለት ሲመጣ እወርድና እንደ በግ እየጎተትኩት እሄዳለሁ።

እስካሁን ጥሩ ነው አይደል?

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሳይክሉ የሚያድረው ሳሎን ውስጥ ነው፣ ከሶፋው ጎን። እኛ ቤት ደግሞ ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው። ፍሪጁ አለው። የውኃው ጄሪካን ሳይቀር አለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያ ሳይክል ብረቱን አግጥጦ ሲቆም እኔ አፍራለሁ።

ሀያት ለሁለት ቀን ደሴ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች። ሰርፕራይዝ ላደርጋት አሰብኩ!

ለኮርቻው ሠራሁለት። ለቅርጫቱ ሠራሁለት፣ ዘርፍ ያለው። ለደወሉ ትንሽዬ ቆብ ሠራሁለት። ወደ መሪው ስመጣ ግን ከሥሩ እንደ ፌንጣ እግር የተንጠለጠሉ ሁለት ብረቶች አሉ። አልወደድኳቸውም። ውበቱን ያበላሻሉ። ወደ መሪው ጥብቅ አድርጌ አስጠጋኋቸውና አንድ ላይ ሸፈንኳቸው። እንዳይላላ ደግሞ በድርብ ክር ሰፋሁት!

አዎ። ሁለቱም ፍሬኖች ናቸው።

ሀያት «ቁልቁለት ካጋጠመሽ በእጅሽ ጨበጥ አድርጊ» ብላኝ ነበር። ጨበጥ ማድረጉን ይዣለሁ። ምኑን እንደምጨብጥ ግን ልብ አላልኩም። የሚጨበጠው መሪው መስሎኝ!

ዛሬ ጠዋት እንግዲህ ዓሣ ልገዛ ተነሣሁ። ትንሽዬ የዓሣ ጥብስ ቤት አለችኝ፣ በየቀኑ ዓሣ አጥማጆቹ ከሚወጡበት ዳርቻ ወርጄ ነው የማመጣው። ሳይክሉን አወጣሁት። ሠርግ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ቢስሚላህ ብዬ ወጣሁ።

ሐሳቤ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ያለችው ዋርካ ጋ ስደርስ እግሬን አውርጄ ልወርድ ነው። ሁሌም እዚያ ነው የምወርደው።

ዋርካዋ ሥር ማን ቆሟል? አያ እንድሪስ!

አያ እንድሪስ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ የታረቀ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የታረቀው። እሳቸውን ሰላም ሳይሉ ማለፍ በእኛ አገር አይታሰብም። ሰላም የሚባለው ደግሞ እጅን ደረት ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ነው። እኔም እጄን ከመሪው አንስቼ ደረቴ ላይ አደረግሁ። ጎንበስ አልኩ።

«አሰላሙ አለይኩም የሀያት እናት!»

«ወአለይኩም ሰላም አያ እንድሪስ!»

«እንዴት አደርሽ?»

«አልሐምዱሊላህ!»

«ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ!»

ድምፃቸው እየራቀ መጣ። ኧረ እሳቸው አይደሉም፣ እኔ ነኝ የምርቀው! ጎንበስ እንዳልኩ ዋርካዋን አልፌአታለሁ!

«ከብቶቹስ?»

ከብት የለኝም። ግን ትልቅ ሰው ጠይቆ ዝም ይባላል እንዴ? «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ወደ ኋላ ጮህኩ።

የመጨረሻ የሰማሁት «ምነው፣ ቸኮልሽሳ!» ሲሉ ነው።

ከዚያ ነው እንግዲህ ፍሬን ልይዝ እጄን የጨበጥኩት። ቅድም ነግሬያችኋለሁ፣ ድገሚው አትበሉኝ።

«ቁም!» አልኩት ሳይክሉን። እንደ አህያ! «ኧረ በአላህ ቁም!» ብዬ ለመንኩት። እግሬን ላወርድ ስል መሬቱ ጫማዬን ወሰደው። አንዱ እግሬ ባዶ ቀረ። ሁለቱንም ወደ ላይ ሰቀልኳቸው።

በዚህ መሃል ከኋላዬ የባጃጅ ጥሩምባ ሰማሁ። ሙሄ! ቤንዚን አግኝቷል! ሦስት ሰው ጭኖ ጎኔ ደረሰ።

«እትዬ! ፍሬን ያዢ!»

«ይዣለሁ! ዳንቴል ነው!»

«ምን?»

«ዳንቴል! ዳንቴል!»

«ዝለዪ በቃ!»

«አንተ ዝለል!»

ልጁ ሲጨንቀው አመሉ አመለጠው። «ግቢ እትዬ!» አለኝ። በየት በኩል ልግባ? አንዷ ተሳፋሪ ስልኳን አውጥታ እየቀረጸችኝ ነው። ያ ሁሉ ቪዲዮ ከእሷ ነው የመጣው። አላህ ይይላት።

ታች መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ዓሣው ወዳለበት መታጠፍ አለብኝ። መታጠፍ ደግሞ የሚቀጥለው እሁድ ነው ብያችኋለሁ።

ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

ቀጥ ብሎ ያለው ምንድነው? ገዳሙ!

የአገሬ ልጆች ታውቁታላችሁ፣ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከዚያ በር ሴት አታልፍም። ክርስቲያኗም አታልፍም፣ የንጉሥ ሚስት ብትሆንም አታልፍም። የጥንት ነው፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የተጠበቀ ነው። እኔ ደግሞ ሴት ነኝ። ሙስሊም ነኝ። አንድ እግሬ ባዶ ነው። ዳንቴል የለበሰ ሳይክል ላይ ነኝ!

እዚህ ላይ ነው ሞቴን የረሳሁት። ወላሂ! አጥንቴ ቢሰበር ይጠገናል። ይሄን ያህል ዘመን ማንም ያልደፈረውን በር እኔ የዓሣ ዘንቢሌን ይዤ ልደፍረው? በበዓላቸው ድፎ ዳቦ የሚልኩልኝን፣ በረመዳን ማፍጠሪያዬን የሚያሰናዱልኝን ጎረቤቶቼን ነገ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው? «ገዳም ጥሳ የገባችው የሀያት እናት» ሊሉኝ? ልጄን ማን ያገባታል?

በሩ ጋ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ሽንኩርታቸውን ውኃ አጠጥተው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ስመጣ አዩኝ። ዓይናቸውን አሹ። እንደገና አዩኝ።

«ቁሚ!»

«እሺ አባ!» አልኩ። አልቆምኩም።

«ሴት አትገባም!»

«አውቃለሁ አባ! እኔም መግባት አልፈልግም!»

«ታዲያ ለምን ትመጫለሽ?»

ጥያቄያቸው ልክ ነው እኮ!

«እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው!»

አባ ሮጠው በሩን ገፋ አድርገው ሊዘጉት ጀመሩ። ዞር ብለው አዩኝ። እንደምላተም ገባቸውና መልሰው ከፈቱት። ሴት መሆኔ ትዝ አላቸውና መልሰው ገፉት። ዘግተውት ከቀረ እኔ አለቅሁ። ከፍተውት ከቀረ ሥርዓቱ አለቀ። ምስኪን፣ ግማሽ ላይ ትተውት ራሳቸውን ያዙ!

ድንገት መቋሚያቸውን ወደ ሽንኩርቱ መደብ ዘረጉት።

«ወደ ግራ! ወደ ግራ በዪ!»

እኔ በደህናው ጊዜም ግራና ቀኝ ትንሽ ይምታቱብኛል። በዚያ ሰዓትማ ጭራሽ ጠፉ።

«ግራ የቱ ነው አባ?»

«በየትኛው እጅሽ ነው የምትጎርሺው?»

«በዚህ!» ብዬ እጄን አንስቼ አሳየኋቸው። ሳይክል ላይ ሆኜ!

«በሌላው! በማትጎርሺበት በኩል!»

ሰዎች፣ ታጠፍኩ።

በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ በማልጎርስበት በኩል መሪውን ጠመዘዝኩት። ከዚያ ሰማዩን አየሁ፣ ቀጥሎ ሐይቁን አየሁ፣ ቀጥሎ ምንም አላየሁም፣ አፌ ጭቃ ሆነ።

ሽንኩርቱ መሃል ነኝ! በመቀመጫዬ ነው ያረፍኩት። ውኃ የጠጣ መደብ ባይሆን ኖሮ ዛሬ እናንተ ሌላ ፖስት ነበር የምታነቡት።

ሳይክሉስ?

ሳይክሉ እኔን ካራገፈ በኋላ ቀለለው። ቀና አለ። ማንም ሳይነዳው፣ ያ ሁሉ ዘርፉ በነፋስ እየተወዛወዘ፣ በግማሽ ክፍቱ በር ቀስ ብሎ ገባ። ግቢው ድንጋይ ላይ ሲደርስ ደወሉ ቂል ቂል አለ።



ሙሄ ባጃጁን ጥሎ እየሮጠ መጣ። እኔ በሕይወት መኖሬን ሳያጣራ «አባ፣ የሴት ሳይክል እኮ ነው፣ ይገባል እንዴ?» አላለም?

«ዝም በል አንተ!» አሉት አባ። «ይልቅ ሴትዮዋን አንሣ!»

እሳቸው ሴት አይነኩም። ቢሆንም ሙሄ አጠገቤ እስኪደርስ አላስቻላቸውም፣ የመቋሚያቸውን ጫፍ ከሩቅ ዘረጉልኝ። በአንድ በኩል እሳቸው፣ በሌላው በኩል እኔ፣ ጎትተው አወጡኝ። ቆሜ መጀመሪያ የጠየቅሁት ምን ነበር?

«አባ፣ ገባሁ?»

በሩን አዩ። እኔን አዩ። መሬቱን በመቋሚያቸው ለኩት።

«አልገባሽም» አሉ። «ሁለት መቋሚያ ይቀርሻል።»

ያኔ አለቀስኩ። እዚያው ጭቃው ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሙሄም አብሮኝ አለቀሰ፣ ሆደ ቡቡ ነው ብያችኋለሁ።

አባ ገብተው ሳይክሉን እየገፉ አመጡት። ቆም ብለው ዘርፉን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

«ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ አባ።»

«እጅሽ ይባረክ፣ ጥሩ ባለሙያ ነሽ» አሉኝ። ቀጥለው መሪውን አገላብጠው አዩና «ይቺን ብረት ግን ለምን አሰርሻት? ፍሬኑ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

እስቲ አስቡት! ሳይክል ላይ ወጥተው የማያውቁ መነኩሴ አንድ ጊዜ አይተው አወቁት። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ አቅፌ ስሰፋው አላወቅሁትም!

የሽንኩርቱን ነገር ይቅርታ ስጠይቃቸው «ሽንኩርት ይበቅላል። አንቺ ብትሰበሪ ግን አትበቅዪም» ብለው ተዉኝ። እኔ ግን አልሄድም አልኩ። የባጃጁ ተሳፋሪዎች ወርደው፣ ያቺ ቀራጯም ሳትቀር ስልኳን ከታ፣ የተነቀለውን አንድ በአንድ መልሰን ተከልነው። መስመሩ ትንሽ ተጣምሟል። የጠመመው መስመር የሙሄ ነው፣ የእኔ አይደለም።

ሙሄ ሲጨርስ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ «በይ አሁንስ ግቢ እትዬ» አለኝ።

አልገባም አልኩት። ሳይክሉን እየገፋሁ ዳገቱን በእግሬ ተያያዝኩት፣ ቅድም የወለቀውን ጫማዬን መንገድ ላይ አግኝቼ አጠለቅሁ።  አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ የምቆመው እኔ ስፈልግ ነው። ይሄ ምን ያህል ደስ እንደሚል ታውቃላችሁ? አታውቁትም፣ ገዳም በር ላይ ደርሳችሁ አልተመለሳችሁማ!

ግማሽ ዳገት ላይ ሀያት እየሮጠች መጣች። ከደሴ ስትመለስ መኪና ውስጥ ሆና ቪዲዮውን አይታዋለች። ቪዲዮው ደግሞ የሚቋረጠው እኔ አየር ላይ እያለሁ ነው! ልጄ እስክታገኘኝ ድረስ ሞተች ብላ ነው የመጣችው። አቅፋኝ ጭቃዬን ተካፈለችኝ።

«እሸጠዋለሁ!» አለች እያለቀሰች። «ነገውኑ እሸጠዋለሁ እማ! አንቺን ከሚገድልብኝ ባጃጅ ሰልፍ ላይ እድሜዬ ይለቅ!»

እኔ፣ ደረጃ የምፈራው ሴትዮ፣ ምን ብላት ጥሩ ነው?

«ሞክሪና እናያለን! ሳይክሉ ምን አደረገ? እኔ ነኝ እጁን ያሰርኩት። እሁድ ሜዳው ላይ እንገናኝ፣ ፍሬን አስተምሪኝ።»

አየችኝ። ከእንባዋ መሃል ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅሁ፣ ጎኔ እያመመኝ።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ያ ከባዱ መኪና እንደ ልማዱ ጠርዝ ይዞ መጣ። በአንድ እጄ ሀያትን፣ በአንድ እጄ ሳይክሉን ይዤ ባልዲ ሻጩ ባልዲዎች መሃል ገብቼ ቆምኩ። «እትዬ፣ ዕቃዬን!» አለኝ። «ይሄ ቦታ የእግሬ ነው!» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት! ሁለት ባልዲ ከፍ አደረገልኝ።

ከዛሬው የተማርኩት ምንድነው? በዚህ ዕድሜዬ መታጠፍን ሽንኩርት ውስጥ ተማርኩት። እናንተ የት ነው የተማራችሁት? እንደ እኔ ያለ ሌላ ሰው ካለ እስቲ ኮሜንት ላይ ይንገረኝ፣ ብቻዬን አልሁን!

የደወላችሁልኝ ሁሉ አላህ ይስጥልኝ፣ ላላነሣሁላችሁ እጄ ጭቃ ነበር። ታጥቤያለሁ። መድኃኒቴን ወስጃለሁ። ልጄ አጠገቤ ናት። ቤቴ ገብቻለሁ፣ ደህና ነኝ።